ማንቂያውን የሚያወራው ማነው? የሐሰት ቫይረስ ማስጠንቀቂያን ከቤት ላፕቶፕ የማንሳት የሥራ ማስታወሻ

ማሽኑ፦ የቤተሰብ ላፕቶፕ፣ ዊንዶውስ 10 ሆም፣ 4 ጊጋ ራም፣ 500 ጊጋ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ። ሦስት ሰው በአንድ አካውንት ይጠቀምበታል፤ አካውንቱም አድሚኒስትሬተር ነው። ባትሪው ከ20 ደቂቃ በላይ አይዝም።

ችግሩ፦ በስክሪኑ ታችኛ ቀኝ ጥግ «ኮምፒውተርዎ በ5 ቫይረስ ተይዟል»፣ «የአንቲቫይረስ ክፍያዎ ዛሬ አልቋል» የሚሉ የእንግሊዝኛ ሳጥኖች እየተፈራረቁ ይወጣሉ። ሲነኩ ቀይ ገጽ ሙሉ ስክሪኑን ይይዛል፣ ሳይረን ይጮኻል፣ ስልክ ቁጥር ይመጣል።

እስካሁን የተሰጠው ምክር፦ «ፎርማት ይደረግ»። በዚህ አልተስማማንም። ፎርማት ማንቂያውን ያጠፋዋል፤ ግን ፎቶውም አብሮ የሚሄድበት ጊዜ ብዙ ነው። አዲሱን ዊንዶውስ ለማስነሣት የሚጫነው ክራክ (ፈቃድ ሳይገዙ ፕሮግራም ማስከፈቻ) ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩን ያመጣው ያው ዓይነት ፋይል ነው። መጀመሪያ ማን እያወራ እንደሆነ ይለይ።

ሰዓቶቹ በሙሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው። የኮምፒውተሩ ሰዓት ከዚህ በስድስት ይለያል፤ ልዩነቱ በኋላ ያስፈልጋል።

ቅዳሜ ጠዋት 3፡10

ማሽኑ ተከፍቶ ምንም ሳይነካ 15 ደቂቃ ተተወ። ሳጥኖቹ የወጡበት ሰዓት በወረቀት ተመዘገበ፦ 3፡13፣ 3፡14፣ 3፡19፣ 3፡22። የተወሰነ ልዩነት የላቸውም።

ሳጥኑ ላይ ጋሻ አለ፣ ቀይ ቃለ አጋኖ አለ፣ የታወቀ አንቲቫይረስ አርማ አለ። ሁሉም ሥዕል ነው፤ ላኪው የፈለገውን ሥዕል ይለጥፋል። ከጽሑፉ ሥር ግን በደቃቅ ፊደል «ጉግል ክሮም» የሚል ስምና አንድ የማይታወቅ የድረ ገጽ አድራሻ ይታያል። ይህችን መስመር የሚጽፋት ክሮም ራሱ ስለሆነ ላኪው ሊደብቃት አይችልም። መነበብ ያለባት መጀመሪያ እሷ ናት፤ የሚያወራው ዊንዶውስ ሳይሆን ብሮውዘሩ መሆኑን የምትናገረው እሷ ናትና።

እውነተኛው ማንቂያ «ዊንዶውስ ሴኩሪቲ» በሚል ስም ይመጣል፤ ሲነካ የራሱን መስኮት ይከፍታል እንጂ ብሮውዘር አይከፍትም። ስልክ ቁጥር አይጽፍም፣ ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰዓት የለውም፣ ገንዘብ አይጠይቅም።

3፡30

ቀዩን ገጽ ለማየት አንዱ ሳጥን ሆን ተብሎ ተነካ (ይህን ቤት ውስጥ መድገም አያስፈልግም)። «ስካኑ» በ8 ሰከንድ አለቀ። በዚህ ዓይነት ዲስክ ላይ እውነተኛ ፈጣን ስካን እንኳ ብዙ ደቂቃ ይወስዳል። ገጹ ሪፍሬሽ ሲደረግ ያንኑ 5 ቫይረስ በዚያው ቅደም ተከተል አገኘ። ዋይፋዩ መሃል ላይ ሲቋረጥም መቁጠሩን አላቆመም። ይባስ ብሎ «ዲ ድራይቭን እየፈተሽኩ ነው» ይላል፤ ይህ ላፕቶፕ ያለው ሲ ድራይቭ ብቻ ነው። ገጹ ዲስኩን አያይም፤ የሚያሳየው ተንቀሳቃሽ ሥዕል ነው።

መውጫው፦ ኢስኬፕ ቁልፍን ለጥቂት ሰከንድ ተጭኖ መያዝ። ነካ አድርጎ መልቀቅ አይበቃም፤ ገጹ ወዲያው ተመልሶ ስክሪኑን ይሞላል። ካልሆነ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ አንድ ላይ፤ ታስክ ማናጀር ሲከፈት ክሮምን መርጦ «ኤንድ ታስክ»። ክሮም ዳግም ሲከፈት «ገጾቹን ልመልስ?» ብሎ ይጠይቃል። እሺ ከተባለ ቀዩ ገጽ ይመለሳል፤ ብዙ ሰው «አልጠፋ አለ» የሚለው እዚህ ጋ ነው።

3፡50

ዋይፋይ ጠፋ፤ ከዚህ በኋላ በግድ ካላስፈለገ አይበራም። የቤተሰቡ ሰነድና ፎቶ፣ 38 ጊጋ፣ ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ተገለበጠ። 55 ደቂቃ ወሰደ፤ ጥቃቅን ፎቶ ሲበዛ አሮጌ ዲስክ ይንፏቀቃል። የተገለበጠው ፎቶ፣ የወርድና የኤክሴል ፋይል፣ ፒዲኤፍ ብቻ ነው። የሚጫን ፕሮግራም፣ ዚፕና ሾርትከት አልተነካም፤ የማይታወቅ ነገር ባክአፕ ማድረግ በሽታውን ማስቀመጥ ነው።

4፡50

ክሮም ውስጥ፦ «ሴቲንግስ»፣ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ»፣ «ሳይት ሴቲንግስ»፣ «ኖቲፊኬሽንስ»። ኖቲፊኬሽን፣ ማለትም ጥግ ላይ የሚወጣውን ሳጥን፣ እንዲልኩ የተፈቀደላቸው 23 ድረ ገጾች ተገኙ። ከ23ቱ የሚታወቁት ሁለት ናቸው።

እያንዳንዱ ስም አጠገብ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ሲነኩ «ሪሙቭ» እና «ብሎክ» ይመጣሉ። አንድ አይደሉም። «ሪሙቭ» ፈቃዱን ብቻ ይሰርዛል፤ ገጹ በሚቀጥለው ጉብኝት እንደገና ይጠይቃል፣ የቤቱ ልጅም እንደገና ይፈቅዳል። «ብሎክ» ዳግመኛ እንዳይጠይቅ ያደርገዋል። 21ዱ ብሎክ ተደረጉ። ከላይ ያለው ዋና ምርጫም ማንም ድረ ገጽ ኖቲፊኬሽን እንዳይልክ ወደሚለው ዞረ። ኤጅ (የዊንዶውስ የራሱ ብሮውዘር) ውስጥም በተመሳሳይ ቦታ 4 ተገኙ፤ አንዱን ብሮውዘር አጽድቶ ሌላውን መርሳት የተለመደ ነው።

ክሮም ውስጥ «ሲስተም» ሥር፣ ብሮውዘሩ ከተዘጋ በኋላም ከበስተጀርባ እንዲሠራ የሚፈቅደው ማብሪያ ተዘጋ። «ክሮምን ዘግቼውም ይመጣል» የሚባለው ብዙውን ጊዜ ከዚህ ነው።

ፈቃዱ እንዴት ተሰጠ? «እኔ ምንም አልጫንኩም» የሁሉም ሰው የመጀመሪያ ቃል ነው፤ እውነትም ነው፣ ምንም አልጫኑም። ፊልም ወይም ኳስ ለማየት በተከፈተ ገጽ ላይ «ሮቦት አለመሆንዎን ለማረጋገጥ አላው (ፍቀድ) የሚለውን ይንኩ» ተባለ፣ ተነካ። እዚህ ድረስ ቫይረስ የሚባል ነገር የለም። ብዙ የቤት ኮምፒውተር ላይ ሥራው እዚሁ ያበቃል፣ 20 ደቂቃም አይፈጅም።

ይሄኛው ላይ አላበቃም።

5፡10

ክሮም ማንም ሳይነካው ራሱን ከፈተ። ኢንተርኔት ስለሌለ ገጹ አልመጣም፤ የአድራሻ ሳጥኑ ላይ ግን ረጅም እንግዳ አድራሻ ተጽፏል። ይህ ኖቲፊኬሽን አይደለም። ኖቲፊኬሽን ጥግ ላይ ይንጠለጠላል እንጂ ካልተነካ ብሮውዘር አይከፍትም። ኮምፒውተሩ ውስጥ ሆኖ ክሮምን የሚቀሰቅስ ሌላ አለ።

5፡40 ላይ ደገመው። ልክ 30 ደቂቃ። ሰዓት ጠብቆ የሚሠራ ነገር የቀጠሮ መዝገብ አለው፤ የዊንዶውስ ደግሞ ታስክ ሼድዩለር ነው።

5፡45

የስታርት መፈለጊያ ላይ ስሙ ተጽፎ ተከፈተ። በግራ «ታስክ ሼድዩለር ላይብረሪ» ሲነካ ዝርዝሩ መሃል ላይ ይመጣል። ከትክክለኞቹ መሃል የክሮም ማደሻ የሚመስል ስም ያለው አንድ ታስክ ተቀምጧል። ስሙ አያታልል፤ የሚታየው ሁለቱ ትር ነው።

«ትሪገርስ»፦ ተጠቃሚው ሲገባ ይጀምራል፣ ከዚያ በየ30 ደቂቃው፣ ማብቂያ የለውም።
«አክሽንስ»፦ ፓወርሼልን (የዊንዶውስ ትእዛዝ ማስፈጸሚያ) መስኮቱን ደብቆ ያስነሣል፤ የሚያስነብበው ፋይል ያለው የተጠቃሚው «አፕዳታ» ውስጥ፣ «ሮሚንግ» ሥር፣ ትርጉም የለሽ 9 ፊደል በተሰየመ ፎልደር ነው።

የእውነተኛው ክሮም ማደሻ በመደበኛ አጫጫን «ፕሮግራም ፋይልስ» ውስጥ ይኖራል፣ የጉግል ዲጂታል ፊርማም አለው። የድብቅ መስኮት ፓወርሼል አያስፈልገውም።

የመጨረሻ ሥራ ሰዓቱ በኮምፒውተሩ 11፡40 ይላል፤ በእኛ 5፡40። ገጠመ። የተፈጠረበት ቀን ደግሞ ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ማታ 3፡52 ነው። ይህች ሰዓት በወረቀት ላይ ተጻፈች፣ ተከበበችም።

6፡15

ስህተት። ታስኩ ወዲያው ተሰርዞ ማሽኑ ሪስታርት ተደረገ። ሲነሣ ታስኩ ቦታው ላይ ነው፣ በዚያው ስም።

ምክንያቱ፦ እንዲህ ያለ ነገር ብቻውን አይቆምም። አንዱ ክፍል ቀጠሮውን ይይዛል፣ ሌላው ማሽኑ ሲነሣ ተነሥቶ ቀጠሮው መኖሩን ያያል፤ ከሌለ ይጽፈዋል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ በሥራ ላይ ያለው ፕሮሰስ ይቆማል፤ ቀጥሎ ሲነሣ የሚቀሰቅሰው መስመር ይነሣል፤ ከዚያ ታስኩ፤ ከዚያ ፋይሉ። ብሮውዘሩ መጨረሻ ነው። ከብሮውዘሩ የጀመረ ሰው ቀኑን ሙሉ ያጸዳል፣ ማታ ተመልሶ ያገኘዋል።

6፡40

ከሌላ ኮምፒውተር በፍላሽ የመጣው ኦቶራንስ ተከፈተ። ከማይክሮሶፍት የሲስኢንተርናልስ መሣሪያዎች አንዱ ነው፤ ነፃ ነው፣ አይጫንም፣ ማሽኑ ሲነሣ የሚነሣውን ሁሉ በአንድ ቦታ ያሳያል። «አድሚኒስትሬተር ሆነህ ክፈት» ካልተባለ ግማሹን ብቻ ያሳያል። «ኦፕሽንስ» ውስጥ የማይክሮሶፍትን መስመሮች እንዲደብቅ ሲደረግ ከመቶዎች ወደ 30 ገደማ ወረደ።

ቢጫ መስመር ፋይሉ ቦታው ላይ የለም ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ የድሮ ፕሮግራም ትራፊ ነው፣ አያስፈራም። ሐምራዊ የቀላ መስመር አሳታሚው አይታወቅም ወይም ፊርማ የለውም ማለት ነው። ሐምራዊ ሁሉ ጠላት አይደለም፤ የአሮጌ ፕሪንተር ሶፍትዌርም እንዲሁ ይታያል። የሚለየው የሚጠቁመው ቦታ ነው። ሦስት ሐምራዊ መስመር ተገኘ፦ ሁለቱ የፕሪንተር፣ አንዱ ወደዚያው ባለ 9 ፊደል ፎልደር።

ፎልደሩን ለማጥፋት ሲሞከር «ፋይሉ በሥራ ላይ ነው» አለ። ወደ ሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ ከግድ አስፈላጊው በቀር ሌላ ሳያስነሣ የሚከፈትበት)፦ ሺፍትን ተጭኖ ሪስታርት፣ «ትራብልሹት»፣ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ»፣ «ስታርትአፕ ሴቲንግስ»፣ ሪስታርት፣ ከዚያ 4 ቁጥር። እዚያ የሐሰተኛው ፕሮግራም ራሱ አልተነሣም። መስመሩ፣ ታስኩ፣ ፎልደሩም ተነሡ። (ፕሮግራም አንኢንስቶል ማድረግ ግን ለመደበኛው ሞድ ይቆይ፤ ሴፍ ሞድ ላይ የዊንዶውስ ኢንስቶለር አገልግሎት ስለማይሠራ ብዙዎቹ እምቢ ይላሉ።)

ከቀኑ 7፡35

መደበኛ ሞድ። 8፡05 አለፈ፣ 8፡35 አለፈ፤ ክሮም ራሱን አልከፈተም። ታስኩም አልተመለሰም።

8፡40

አሁን ብሮውዘሩ። የክሮም ኤክስቴንሽን (በብሮውዘሩ ላይ የሚጨመር ተቀጥላ) ዝርዝር ውስጥ ማንም የማያውቀው «የፍለጋ ረዳት» አለ፤ ማጥፊያው አይሠራም። ሦስቱን ነጥቦች ሲነኩ ከምናሌው ሥር «በድርጅትዎ የሚተዳደር» ይላል። ይህ የቤት ላፕቶፕ ነው፣ የሚያስተዳድረው ድርጅት የለም።

ክሮም መሥሪያ ቤቶች የሠራተኛን ብሮውዘር እንዲቆጣጠሩ የሠራው መንገድ አለ፤ በሬጂስትሪ (የዊንዶውስ የቅንብር መዝገብ) ውስጥ «ፖሊሲ» ይጻፋል። ተንኮለኛው ያንኑ ተጠቅሞ ኤክስቴንሽኑን «በግድ የሚጫን» አድርጎታል። በሬጂስትሪ ኤዲተር «ሎካል ማሽን»፣ «ሶፍትዌር»፣ «ፖሊሲስ»፣ «ጉግል»፣ «ክሮም» ሲባል በግድ የሚጫኑት ዝርዝር ውስጥ አንድ ባለ 32 ፊደል መለያ ተገኘ። የኤክስቴንሽን መለያ ሁሌ 32 ፊደል ነው፤ ከኤክስቴንሽን ዝርዝሩ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል ተመሳክሮ አንድ መሆኑ ተረጋገጠ።

ከመሰረዝ በፊት የ«ክሮም» ቁልፉ «ኤክስፖርት» ተደርጎ ተቀመጠ። ሬጂስትሪ የተሰረዘን መመለሻ የለውም። ከዚያ ተሰረዘ። ያው መንገድ «ከረንት ዩዘር» ሥርም ሊኖር ስለሚችል ታየ፤ ባዶ ነው። ክሮም ተዘግቶ ሲከፈት «የሚተዳደር» የሚለው ጠፍቷል፣ ኤክስቴንሽኑም አብሮ ሄዷል። ማስጠንቀቂያ፦ አንዳንድ የወላጅ መቆጣጠሪያና አንቲቫይረስ በዚሁ መንገድ በሕጋዊ መልክ ይጽፋሉ፤ መለያውን ሳያመሳክሩ መሰረዝ አያዋጣም።

የዴስክቶፑ የክሮም ሾርትከትም በቀኝ ክሊክ «ፕሮፐርቲስ» ታየ። «ታርጌት» የሚለው መስመር ክሮም ብሎ በጥቅስ መዘጋት ነበረበት፤ ከጥቅሱ ኋላ የድረ ገጽ አድራሻ ተቀጥሏል። ሾርትከቱ ተጥሎ አዲስ ተሠራ። በታስክባሩ ላይ የተሰካው ሌላ ስለሆነ እሱም ለብቻው።

9፡20

የተጫኑ ፕሮግራሞች፣ በስም ሳይሆን በተጫኑበት ቀን ተደርድረው። ያ ቀን፣ ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ሦስት ፕሮግራም አስገብቷል፦ «ኮምፒውተር አፋጣኝ»፣ «ድራይቨር አዳሽ» እና የማይታወቅ ብሮውዘር። አንኢንስቶል ሲባሉ መለማመጥ ጀመሩ። አንዱ «በ50 በመቶ ቅናሽ ልቆይ?» ብሎ ትልቁን አረንጓዴ ቁልፍ ለመቆየት፣ ትንሿን ግራጫ ጽሑፍ ለመሄድ አደረገ። ቁልፉ ሳይሆን ጽሑፉ ይነበብ።

«አፋጣኝ» ስለሚባሉት አንድ ነገር፦ የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2024 ሬስቶሮ እና ሪኢሜጅ የተባሉ ኩባንያዎችን በሐሰተኛ የኮምፒውተር ማስጠንቀቂያ ሸማች አሳስተዋል ብሎ ከስሶ 26 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍሉ አስማምቷል። ንግዱ አዲስ አይደለም። በዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን «አንቲቫይረስ 2009» የሚባለው ሐሰተኛ ፕሮግራም በየኢንተርኔት ካፌው ነበር፤ ያኔ ግን ውሸታሙ ኮምፒውተሩ ውስጥ ተጭኖ ታስክ ማናጀርን እስከ መዝጋት ይደርስ ነበር። አሁን ብዙው በብሮውዘር ፈቃድ ይኖራል፤ ለማስወጣት ቀለለ፣ ለመግባትም ቀለለ።

10፡00

የ«ዳውንሎድስ» ፎልደር በቀን ተደረደረ። ማታ 3፡46 ላይ የወረደ «አክቲቬተር» የሚባል የክራክ ዚፕ አለ። ታስኩ የተፈጠረው 3፡52። ልዩነቱ 6 ደቂቃ ነው።

ዚፑ ፓስወርድ አለው፤ ፓስወርዱ አጠገቡ ባለ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ ተጽፏል፦ 1234። ሁሉም የሚያውቀው ፓስወርድ ለምን ይደረጋል? የተቆለፈ ዚፕ ውስጡን አንቲቫይረስ ማየት ስለማይችል ነው። በዚያው ጽሑፍ ሁለተኛው መስመር ላይ ደግሞ «ከመክፈትዎ በፊት ዲፌንደርን ያጥፉ» ይላል፤ ዲፌንደር የዊንዶውስ የራሱ አንቲቫይረስ ነው። ሌባው ውሻውን አስሩልኝ ብሎ ደብዳቤ ጽፏል።

10፡10

ዲፌንደር አሁን «በርቷል» ይላል፣ አረንጓዴ ምልክትም አለው። ታዲያ ሦስት ሳምንት ምን ያይ ነበር? «ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን»፣ «ማኔጅ ሴቲንግስ»፣ እስከ ታች ወርዶ «ኤክስክሉዥንስ»፦ መላው ሲ ድራይቭ ከፍተሻ ውጪ ተደርጓል። ዲፌንደር ነቅቷል፣ ግን ዓይኑ ታስሯል። መስመሩ ተነሣ፤ «ታምፐር ፕሮቴክሽን» በራ። ይህን ሳያዩ ስካን ማድረግ ድካም ነው፤ «ምንም አልተገኘም» ይላል፣ ሰውም ያምነዋል።

10፡20

ዋይፋይ በራ፣ ለዲፌንደር አፕዴት። አድውክሊነር የተባለው የማስታወቂያ ፕሮግራሞች ማጽጃም ወረደ፤ ትንሽ ፋይል ነው፣ ዳታ አይበላም። ስካኑ 4 ደቂቃ ወስዶ 17 ነገር አገኘ፤ አብዛኛው የሄዱት ፕሮግራሞች ትራፊ ነው። «አስቀድሞ የተጫነ» ብሎ ለብቻው የሚያሳየው የላፕቶፑ አምራች ሶፍትዌር ስለሆነ አልተመረጠም፤ ሁሉን ምልክት አድርጎ ማጥፋት የቁልፍ ሰሌዳውን ልዩ ቁልፎች ሊያበላሽ ይችላል።

ከዚያ የዲፌንደር ሙሉ ስካን። ባትሪው ደካማ ስለሆነ መብራት ከሄደ ይቋረጣል፤ 11፡30 ላይ ሄደም። ሲመጣ ከመጀመሪያ። ሦስት ሰዓት ከሩብ ወሰደ፤ ዚፑ ፓስወርድ ስላለው አላወቀውም፣ ከዚፑ የተፈታው ፎልደር ግን ተያዘ። ዚፑ በእጅ ተሰረዘ፣ ሪሳይክል ቢንም ባዶ ሆነ።

እሑድ ጠዋት 2፡30

ዲፌንደር ኦፍላይን ስካን። ማሽኑ ሪስታርት አድርጎ ዊንዶውስ ሳይነሣ ይፈትሻል፤ የተደበቀ ነገር ለመደበቅ ዕድል አያገኝም። በአዲስ ማሽን 15 ደቂቃ ያህል ነው፤ እዚህ 40። ሲጨርስ ምንም ሳይናገር ወደ ዊንዶውስ ይመለሳል፤ ውጤቱ «ፕሮቴክሽን ሂስትሪ» ውስጥ ነው። ንጹሕ።

3፡20

የኔትወርክ መንገዶች። ፕሮክሲ (ኢንተርኔቱን በመሃል ሆኖ የሚያሳልፍ)፦ ሁሉም በ127.0.0.1፣ ማለትም በኮምፒውተሩ በራሱ አድራሻ፣ በኩል እንዲያልፍ ተደርጎ ነበር። በዚያ አድራሻ የሚያዳምጠው ፕሮግራም ትናንት በስካኑ ስለጠፋ፣ ዛሬ ኢንተርኔቱ «አለ ግን ምንም አይከፍትም» ሆኖ ተገኘ። ከጽዳት በኋላ ኢንተርኔት ሲጠፋ ራውተሩን ከመውቀስ በፊት እዚህ ይታይ። ተዘጋ፣ ኢንተርኔቱም ተመለሰ።

የ«ሆስትስ» ፋይል (የድረ ገጽ ስምን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚመራ)፦ 14 የአንቲቫይረስ ድረ ገጾች ወደ 127.0.0.1 ተመርተዋል፤ ሰው መድኃኒት ሊያወርድ ሲሄድ በሩ እንዲዘጋበት። ኖትፓድ በአድሚኒስትሬተር ተከፍቶ መስመሮቹ ተሰረዙ። በዲኤንኤስ (የድረ ገጽ አድራሻ መጠየቂያው) ላይ የተነካ የለም።

4፡00

የሲስተም ፋይል ጥገና፣ በአድሚኒስትሬተር ኮማንድ ፕሮምት። መጀመሪያ ዲዝም፣ ከዚያ ኤስኤፍሲ፣ ሁለቱም የዊንዶውስ የራሱ መጠገኛ ትእዛዞች ናቸው፤ ሁለተኛው የሚጠግነው የመጀመሪያው ከሚያድሰው የፋይል መጋዘን ወስዶ ነው። ዲዝም 62.3 በመቶ ላይ ቆመ። ይህ የታወቀ ጠባዩ ነው፤ 20 ደቂቃ ተጠበቀና ቀጠለ። ተሰላችቶ መስኮቱን መዝጋት ጥሩ አይደለም። ጎደለኝ ያለውን ከኢንተርኔት ስለሚያወርድ በሞባይል ዳታ ላይ ሲሠራ ፓኬጁን ይቆጥሩለት።

5፡10

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለው። ማንቂያውን ያመጣው ፋይል ማንቂያ ብቻ ይዞ መምጣቱን የሚያረጋግጥ የለም። ፓስወርድ ሰራቂ አብሮ ሊመጣ ይችላል፤ ሰራቂው ደግሞ ሥራውን በደቂቃ ጨርሶ ራሱን ያጠፋል፣ ስካን አያገኘውም።

«ራን» የሚለው ሳጥን (የዊንዶውስ ቁልፍና አር) ከዚህ በፊት የተጻፈበትን ያስታውሳል፤ ቀስቱ ሲነካ ታየ። እዚህ ያልተለመደ ነገር የለም። ቢኖር ኖሮ፣ በተለይ በፓወርሼል የሚጀምር ረጅም መስመር፣ ሌላ ታሪክ ይሆን ነበር፦ «ሮቦት አለመሆንዎን ለማረጋገጥ ዊንዶውስና አር፣ ከዚያ ኮንትሮልና ቪ፣ ከዚያ ኢንተር ይጫኑ» የሚሉ ገጾች ከ2024 ወዲህ በዝተዋል። ሰውየው በገዛ እጁ ትእዛዙን እንዲለጥፍ ያደርጉታል።

ቢሆንም ለጥንቃቄ፣ ከዚህ ማሽን ሳይሆን ከስልክ ላይ፦ የጂሜይል ፓስወርድ ተቀየረ፣ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ገባ፣ የማይታወቁ መሣሪያዎች ተባረሩ። ክሮም ላይ ሴቭ የተደረጉ ፓስወርዶች በሙሉ እንደተነበቡ ተቆጠሩ፤ የባንክና የፌስቡክ ተቀየሩ። ቴሌግራም፦ «ሴቲንግስ»፣ «ዲቫይስስ»፣ ከዚህ ስልክ በቀር ሁሉም ይውጣ። ቴሌግራም በኮምፒውተር ላይ የሚያስቀምጠው የመግቢያ ፎልደር ከተገለበጠ ሌባው ኮድ ሳይጠየቅ ሊገባ ይችላል፤ ፓስወርድ መቀየር ብቻውን አያስወጣውም፣ «ይውጣ» ማለት ያስፈልጋል። ከዚያ በላፕቶፑ ላይ እንደ አዲስ ተገባ።

6፡00

የቤቱ ሁለት ፍላሾች ተፈተሹ። አንደኛው ፎቶ ኮፒ ቤት የሚመላለስ ነው፤ ፎልደሮቹ ጠፍተው በምትካቸው ሾርትከት ሆነዋል። ይህ የተለየ በሽታ ነው፣ ከማንቂያው ጋር አይዛመድም፤ ግን ዛሬ የጸዳውን ማሽን ነገ ያበላሻል። ሾርትከቱ ሳይነካ ፍላሹ በዲፌንደር ስካን ተደረገ፣ የተደበቁት ፎልደሮች በኮማንድ ፕሮምት ከመደበቂያቸው ወጡ፣ ፋይሎቹ ተገልብጠው ፍላሹ ፎርማት ሆነ። ፎርማት የሚያዋጣው እዚህ ነው።

6፡40

መዝጊያ ሥራዎች። አዲስ አድሚኒስትሬተር አካውንት በጠንካራ ፓስወርድ ተከፈተ፤ የዕለት ተዕለቱ ወደ ስታንዳርድ ወረደ። ከአሁን በኋላ ፕሮግራም ሊጫን ሲል ፓስወርድ ይጠይቃል፣ ማታ 3፡46 ላይ ያንን ፓስወርድ የሚያውቀው ሰው ተኝቷል። «አፕ ኤንድ ብሮውዘር ኮንትሮል» ውስጥ የማይፈለጉ ፕሮግራሞችን የሚያግደው ማብሪያ በራ፤ «አፋጣኝ» የሚባሉትን የሚይዘው እሱ ነው። ስለ ዊንዶውስ 10፦ መደበኛ አፕዴቱ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ቆሟል። የዲፌንደር የቫይረስ መረጃ እስከ 2028 እንደሚቀጥል ማይክሮሶፍት አስታውቋል፤ ያ ግን የዊንዶውስን ቀዳዳ አይደፍንም። ፕሮሰሰሩ ለዊንዶውስ 11 ስለማይበቃ የተራዘመው አፕዴት ተመዘገበ።

ረቡዕ ማታ 2፡00

ሦስት ቀን፣ ከ11 ሰዓት በላይ አገልግሎት። ሳጥን አልወጣም፣ ክሮም ራሱን አልከፈተም፣ ታስክ ሼድዩለር እንደተተወ ነው፣ ኤክስክሉዥን ባዶ ነው።

ማታ 2፡20 ላይ ሳሎን ውስጥ ያቺው የማንቂያ ድምፅ ተሰማች። ከላፕቶፑ አይደለም፤ ከልጁ ስልክ ነው። ያው የፊልም ገጽ፣ ያው «አላው»፣ በአንድሮይዱ ክሮም ላይ። «ሴቲንግስ»፣ «ሳይት ሴቲንግስ»፣ «ኖቲፊኬሽንስ»፦ 11 ድረ ገጽ። ብሎክ።